የጓሮ ትራምፖሊን፦ ባለ 12 ጫማ ወይስ ባለ 14? አንድ ጥያቄና 21 መልሶች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ያቀረቡት በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ዉድብሪጅ የሚኖሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ልጆቻቸው የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ከአፓርታማ ወጥቶ ጓሮ ያለው ቤት ከገባ ወዲህ ከትራምፖሊን (በብረት ላይ በሞላ ተወጥሮ ልጆች ከሚዘሉበት ጨርቅ) ሌላ ልመና የላቸውም። አባት በስፋቱ ባለ 12 ጫማውን ልግዛ ወይስ ባለ 14ቱን፣ ክቡ ይሻላል ወይስ አራት ማዕዘኑ፣ አዲስ ነው የሚያዋጣው ወይስ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ በርካሽ የሚገኘው ያገለገለ እያሉ ይጠይቃሉ። ጓሯቸው ወደ ጎረቤት አጥር በመጠኑ ያዘነበለ መሆኑንና ባለቤታቸው ነገሩን ገና እንዳልተቀበሉት በመጨረሻ ጣል አድርገዋል። መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ።

1ኛ መልስ። የሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ሰው ለአዲሱ ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ይጀምርና ባለ 14 ጫማውን ይመርጣል፤ የ11 ዓመቱ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ትንሹን ይንቀዋል ባይ ነው። ከመግዛታቸው በፊት ግን ሜትር ይዘው ጓሮ እንዲወጡ፣ በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ እንዲተዉ፣ ቀና ብለውም ከመሬት እስከ 7 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ቅርንጫፍም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን እንዲያረጋግጡ ያሳስባል። ምክሩ አጭርና ጨዋ ነው፤ የዚህ ሰው ሜትር በኋላ ነገሩን ሁሉ እንደሚወስን በዚያን ጊዜ ያስተዋለ አልነበረም።

2ኛ መልስ። በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ትገባለች፤ የክሩ፣ ማለትም የዚህ የጥያቄና መልስ ውይይት፣ ድምፅም ወዲያው ይለወጣል። ስለ መጠን ከመነጋገር በፊት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1999 የቤት ትራምፖሊንን እንደማይመክር ማስታወቁን፣ በ2012ም አቋሙን እንደገና ማጽናቱን ማወቅ ያስፈልጋል ትላለች። አካዳሚው በዚያ ሰነድ ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል መሆኑን፣ አብረው ከሚዘሉት መካከልም ትንሹ ልጅ የመጎዳት ዕድሉ ከከባዱ እስከ 14 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። ምክንያቱን ስታስረዳ ደግሞ እንዲህ ነው የምትለው፦ ከባዱ ሰው ሲያርፍ መዝለያው ጨርቅ ወደ ታች ይረግብና ኃይል ያጠራቅማል፤ ጨርቁ ወደ ላይ በሚመለስበት ቅጽበት ትንሹ ልጅ ቢያርፍበት፣ ለስላሳ ነገር ላይ ያረፈ ይመስለናል እንጂ እግሩ የሚቀበለው ምት ከጠንካራ ወለል የሚብስ ነው። ከጉልበት በታች የሚሰበር የቅልጥም አጥንት በትንንሽ ልጆች ላይ የሚታየውም በዚህ መንገድ፣ ብዙ ጊዜም አባት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ እየዘለለ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትልቅ ትራምፖሊን ላይ እንዳይወጣ ይመክራል፤ ስለዚህ የ4 ዓመቱ ልጅ ጉዳይ ከወዲሁ የተዘጋ ነው ብላ ትጨርሳለች።

3ኛ መልስ። የዚህ ጸሐፊ ትዕግሥት አጭር ነው። በነርሷ አነጋገር ከሄድን ብስክሌትም፣ እግር ኳስም፣ ደረጃም መከልከል ሊኖርበት ነው፤ ልጁ ከታብሌቱ ተነሥቶ ፀሐይ የሚያይበት አንድ ነገር ሲገኝ የሆስፒታል ወሬ ይዞ መምጣት ምን ይባላል ሲል ይቆጣል። ትራምፖሊን እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ጨዋታዎች ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት መሆኑንም እንደ መከራከሪያ ያቀርባል።

4ኛ መልስ። ነርሷ ተመልሳ ትመጣለች፤ ድምፅዋን ግን አልጨመረችም። የኦሎምፒክ ዘላይ ብቻውን እንደሚዘል፣ አሠልጣኝ አጠገቡ እንደሚቆም፣ ዙሪያውም በፍራሽ የታጠረ መሆኑን ትጠቅሳለች። አካዳሚው ራሱ በሥልጠና ሥር ያለውን ስፖርትና የጓሮውን ጨዋታ ለይቶ መመልከቱንም ታክላለች። የ3ኛው ጸሐፊ ማስረጃ በራሱ ላይ የዞረ መሰለኝ፤ እሱም ስለ ኦሎምፒክ ዳግመኛ አላነሣም።

5ኛ መልስ። አንዲት እናት ዙሪያውን የሚያጥር መረብ ካለው ችግሩ ምንድን ነው ብላ በቅንነት ትጠይቃለች። መልሱን የሰጠችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል፤ መረቡን ከገዛች በኋላ ወጥ ቤት ሆና በመስኮት ማየት እንደ ጀመረች ጽፋለችና። ከጨርቁ ላይ ተንሸራቶ መውደቅን መረቡ ሊያግድ ይችላል፤ ሁለት ልጆች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። አካዳሚውም መረብ መኖሩ አደጋውን መቀነሱ አልተረጋገጠም ያለው፣ ወላጅን እንዳያዘናጋ ጭምር ሠግቶ ነው።

6ኛ መልስ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ስለ ዕቃው የጻፈው በክሩ ውስጥ ረጅሙ መልስ ነው፤ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ይመስለኛል። ክቡ ትራምፖሊን የሚዘለውን ሁሉ ወደ መሐል ይጎትታል፤ አንድ ልጅ ብቻ ካለበት ይህ ጥሩ ነው፣ ሁለት ከሆኑ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ነጥብ እየገፋ ያጋጫቸዋል። አራት ማዕዘኑ ወደ መሐል አይስብም፣ ወደ ላይ አጥብቆ ያነሣል፤ ጂምናስቲክ የሚሠሩ የሚመርጡት ለዚህ ነው፣ ለጀማሪ ልጅና ለጠባብ ጓሮ ግን አይሆንም። መረቡ ከሞላዎቹ በውስጥ በኩል፣ ከመዝለያው ጨርቅ ጠርዝ ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ ከውጭ ባለው ብረት ላይ የተሰቀለ መረብ ልጁን የሚያስቀረው ሞላና ብረት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ሞላ ጭራሽ የማይፈልግ ሰውም አማራጭ አለው፤ ኪት አሌክሳንደር የተባለ የኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የፈጠረው ዓይነት በሞላ ፋንታ የፋይበርግላስ ዘንጎች አሉት፤ ሆኖም ዋጋው ከበድ ይላል።

ያገለገለ ለመግዛት ለሚሄድ ሰው መካኒኩ የሰጠው መመሪያም አለ። መጀመሪያ ተንበርክኮ የብረቱን ብየዳዎች ማየት፣ በተለይ እግሮቹ ከክቡ ብረት ጋር የሚገጣጠሙበትን ቦታ፤ ቀለም ያበጠበት ሥፍራ ካለ ሥሩ ዝገት ነው። ከዚያ አንድ ሞላ ነቅሎ ወደ ብርሃን ማየት፤ ሳይጎተት በጥቅልሎቹ መካከል ብርሃን ካሳየ ያ ሞላ ሞቷል። ጨርቁን ለመቀየር ሲፈለግ የክቡን ስፋት ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ የሞላዎቹን ብዛትና የአንዱን ሞላ ርዝመት ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ መለካት ያስፈልጋል፤ ባለ 14 ጫማ ተብለው የሚሸጡ ሁለት ዕቃዎች የሞላ ቁጥራቸው ሊለያይ ይችላልና። ሲገጠምም የጎማ ቡሎን እንደሚጠብቀው ሁሉ በተቃራኒ ጎኖች እያፈራረቁ ነው፤ በአንድ ወገን ተጀምሮ በተራ ከተኬደ የመጨረሻዎቹን ሞላዎች ጉልበተኛም አይስባቸውም። ጨርቁ በፀሐይ የተበላ ከሆነ ስፌቱን በጣት ቧጠጥ ሲያደርጉት ዱቄት ይለቃል፤ እንዲህ ዓይነቱን በነፃም አልወስድ ይላል።

7ኛ መልስ። አንድ ሰው የመካኒኩን ምክር ያነበበ አይመስልም፤ ስልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሸጥ ባለ 14 ጫማ አለኝ፣ ጥቂት ዝገት ብቻ ነው ያለው፣ መጥታችሁ ፍቱና ውሰዱ ብሏል። የመድረኩ አስተናባሪ ሽያጭ በሌላ ክፍል እንዲካሄድ ያስታውሰዋል።

8ኛ መልስ። በኢንሹራንስ ሥራ ላይ የቆየ ሰው የገዢው የመጀመሪያ ስልክ ወደ ቤት ኢንሹራንሱ መሆን አለበት ይላል። አንዳንዱ ኩባንያ ትራምፖሊንን ከሽፋኑ ጨርሶ ያወጣል፣ አንዳንዱ መረብና የታጠረ ጓሮ ይጠይቃል፣ ሳይነገረው የተተከለ ሲያገኝ ውሉን የማያድስም አለ። የብዙ ግዛቶች ሕግ ደግሞ ትንንሽ ልጆችን የሚስብ አደገኛ ነገር በግቢው ያስቀመጠ ሰው፣ ሳይጠሩት ዘሎ ለገባ የጎረቤት ልጅ ጭምር ተጠያቂ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለው። ስለዚህ መሰላሉ ማታ ማታ ተነሥቶ ጋራዥ ውስጥ ይቆለፍ፤ ቤቱ የባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሠፈር ከሆነም የማኅበሩ ደንብ አስቀድሞ ይነበብ። መልሱ ደረቅ ነው፤ ግን ከእሱ በኋላ ጠያቂው አባት ለሁለት ቀን ድምፃቸው ጠፋ።

9ኛ መልስ። ለእኔ ክሩ ወደ እኛ ጉዳይ የገባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት እስካሁን የተባለው ሁሉ ቤተሰቡ ብቻውን ላለበት ቀን የተጻፈ መሆኑን ታመለክታለች። በቤቷ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ይዝለል የሚለው ደንብ ዓመቱን ሙሉ ተከብሮ የሚፈርሰው ክርስትና፣ ልደት ወይም ማኅበር በሆነ ቀን ነው። እንግዳው ሲበዛ ሴቶቹ ወጥ ቤት፣ ወንዶቹ ሳሎን ይሆናሉ፤ ከስድስት ያላነሱ ልጆች፣ ከሕፃን እስከ ጎረምሳ፣ አንድ ጨርቅ ላይ ይወጣሉ። አስተናጋጇ ወጥታ ብታይም የሌላ ሰው ልጅ ውረድ ማለት ይከብዳታል፤ ባለፈው ወር የእሷን ልጅ ባበላች ባጠጣች እናት ፊት የእናቲቱን ልጅ መገሠጽ ይመስላልና ይሉኝታው አፍ ያስይዛል። እንዲህ ባለ ቀን የዘመዷ ልጅ፣ ትልቅ ጎረምሳ፣ አጠገቧ ሲያርፍ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እግሯ ተሰበረ። በልጅቷ ጉዳት ላይ የተጨመረው የሁለቱ ቤተሰቦች መኮራረፍ ከጀሶው ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አሁን እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት የመረቡን ዚፕ ትዘጋለች፣ መሰላሉንም ትደብቃለች፤ ልጆቹ ሲጠይቁ ተበላሽቷል ይባላሉ።

10ኛ መልስ። አንድ አንባቢ ይህን ሲያይ ይቆጣል። ለእንግዳ ልጅ ዕቃ መደበቅ የእኛ ባህል እንዳልሆነ፣ እሱ ያደገበት ሠፈር የአንዱ ቤት ኳስ የሁሉም እንደነበረ፣ እዚህ አገር ስንገባ ግን ልጅን በተራና በሰዓት የምንቆጥር ፈረንጆች መሆናችንን ይጽፋል። በዚያው ስለ ሰኞ ማክሰኞ፣ ስለ ገመድ ዝላይና ስለ ብይ አንድ አንቀጽ ይጨምራል፤ ደስ የሚል አንቀጽ ነው፣ ከጥያቄው ጋር ግን አይገናኝም።

11ኛ መልስ። የ9ኛዋ ጸሐፊ እህት ነኝ የምትል ሴት መልስ የሰጠችው በሹል ቃላት ነው። ያ ሠፈር ኳሱን በጋራ ይጫወት በነበረበት ጊዜ የተሰበረ እግር ቢኖር የሚያየው ወጌሻ እንደ ነበረ፣ እዚህ ግን ሂሳቡ በፖስታ እንደሚመጣ ታስታውሰዋለች፤ የሕፃን ስቃይ ሲነገር ስለ ብይ የሚያወራ ሰው ልጅ ያለው እንደማይመስላትም ታክላለች። ሁለቱ አንድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ አስተናባሪው ያንን ክፍል አጥፍቶታል።

12ኛ መልስ። ጠቡን ያበረዱት አንድ አዛውንት ናቸው። ባህሉንም የልጅቱንም እግር ሳይነኩ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ልጅን መዋሸት ግን እንደማያስፈልግ በትሕትና ይናገራሉ። እሳቸው በልጃቸው ቤት ድግስ ሲኖር ወንበራቸውን ትራምፖሊኑ አጠገብ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ አባባ ስለሚሏቸው የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ አይነሣም፣ ማንም ወላጅም በሽማግሌ ትእዛዝ አይቀየምም። ደንቡ ለወላጆች የሚነገረው ደግሞ በር ላይ፣ ካፖርት ሲቀበሏቸው ነው፤ ከማዕድ በኋላ ከተነገረ ተግሣጽ ይመስላል፣ አስቀድሞ ከተነገረ ግን የቤቱ ሥርዓት ይሆናል። ከአካዳሚው ሰነድ ቀጥሎ በክሩ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነርሷም በዚህ መልስ ሥር የምስጋና ምልክት አድርጋለች።

13ኛ መልስ። ጓሮው አዘንብሏል የተባለውን ያስታወሰ አንድ ሰው በመጨረሻ ተገኘ። ተዳፋቱ ጥቂት ከሆነ በላይኛው ወገን ያሉት እግሮች የሚያርፉበት አፈር ተቆፍሮ ይስተካከላል፤ በታችኛው እግር ሥር ጡብ ወይም እንጨት መደርደር ግን አይገባም፣ ይንሸራተታልና። ከዚያ ስለ ነፋስ ይጽፋል፦ ሰኔ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተንና አካባቢዋን የመታው ዴሬቾ የተባለው ማዕበል የዚያን ጊዜ ትራምፖሊኑን ከነመረቡ አንሥቶ አጥር አሻግሮ የጎረቤት መኪና ላይ ጥሎበታል። መረቡ እንደ ሸራ ነፋስ ስለሚይዝ፣ ወደ መሬት እየተጠመዘዙ የሚገቡ አራት መልሕቆች በቀበቶ ከክቡ ብረት ጋር እንዲታሰሩ፣ ማዕበል ሲተነበይም መረቡ እንዲወርድ ይመክራል።

14ኛና 15ኛ መልሶች። አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርቁን ከመሬት እኩል ማድረግ የነፋሱንም የመውደቁንም ነገር ይጨርሰዋል ይላል። ቀጣዩ ያርመዋል፤ ማንም ሰው አካፋ ከማንሣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ወደ 811 ደውሎ የጋዝና የመብራት መስመር የት እንዳለ ማስመልከት ይኖርበታል፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ሸክላ አፈርም ውሃ ስለማያሳልፍ ያለ ማፋሰሻ ቦይ ጉድጓዱ የትንኝ ኩሬ ይሆናል። መጋጨትንም ጉድጓድ አያስቀርም።

16ኛ መልስ። አንዲት ሴት ስለ እንክብካቤ የጻፈችው ሁሉ በልምድ የተገኘ ነው። ከክረምት በፊት መረቡንና የጠርዙን ስፖንጅ ታወርዳለች፤ በረዶ ሲከመር ሞላዎቹን ስለሚወጥር በለስላሳ መጥረጊያ ትጠርገዋለች፣ በአካፋ ግን ፈጽሞ፣ ጨርቁን ይቀደዋልና። ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው የጠርዙ መሸፈኛ ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሲሰነጠቅም ሞላው ይጋለጣል፣ ስለዚህ ጨርቁና ብረቱ ደህና ሆነው ሳለ እሱን ብቻ መቀየር የተለመደ ነው። በወር አንድ ጊዜ ዙሪያውን እየዞረች ቡሎኖቹን ታጠብቃለች። ሥሩ ያለው ሣር እንዲታጨድም ትመክራለች፤ ካልታጨደ መዥገር ይኖርበታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በኋላ ከመሬት ሥር የወጡት ሲካዳ የተባሉት ነፍሳት ጨርቁን ሲሞሉት ልጆቿ ለሦስት ሳምንት አንወጣም እንዳሏትም ታስታውሳለች።

17ኛ መልስ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ተራ ማስጠበቅን ጨዋታ አድርጋዋለች። ልጁ ብቻውን ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ፊደል ይጠራል፣ ሀ ብሎ ጀምሮ በሰባተኛው ዝላይ ሆ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ለ ይሻገራል። አምስት ቤት ሲጨርስ፣ ማለትም በ35ኛው ዝላይ፣ ይወርዳል፤ ቢሳሳትም ይወርዳል። ከታች የቆሙት ልጆች ስሕተት ለመያዝ ሲሉ በጽሞና ስለሚያዳምጡ አብረው ይማራሉ፤ ልውጣ እያለ የሚገፋም የለም። ስሟን ከመጻፍ የምትሸሽ የነበረች ልጇ በአንድ በጋ እስከ ፐ ደርሳለች። በዚህ መልስ ሥር ብዙ ሰው ተደስቷል፤ የ10ኛው ጸሐፊ እንኳ ይህስ የእኛ ነው ብሎ ታርቋል።

18ኛ መልስ። አንድ አባት በአጭሩ፣ ጥቁሩ ጨርቅ በሐምሌ ቀትር ባዶ እግርን እንደሚያቃጥል፣ በውሃ ረጥቦ ደግሞ እንደሚያንሸራትት ጽፎ ጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይመርጣል።

19ኛ መልስ። ጠያቂው አባት ተመለሱ። ሜትር ይዘው የወጡት ከባለቤታቸው ጋር ነው፤ ከዴኩ (ከቤቱ ጋር ከተያያዘው የጓሮ በረንዳ) እስከ አጥሩ ስምንት ሜትር ብቻ ሆነ። ባለ 14 ጫማው ራሱ 4.3 ሜትር ያህል ስለሆነ በየጎኑ ሁለት ሜትር ሲተውለት አይበቃም፤ ባለ 12ቱ ግን ለጥቂት ይገባል። ኢንሹራንሱ መረብ እስካለው ድረስ ተቀብሏል። ባለቤታቸው ሦስት ነገር አስፈርመዋቸዋል፦ የ4 ዓመቱ ልጅ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ላይወጣ፣ አባት ራሳቸው ከልጅ ጋር ላይዘሉ፣ ድግስ በሆነ ቀን ደግሞ የባለቤታቸው አባት ካልተገኙ ዚፑ ላይከፈት። ለትንሹ ልጅ የአሸዋ ሳጥን ታዟል፤ እሱ ግን እስካሁን አልተስማማም።

20ኛ መልስ። ነርሷ እሷ ብትሆን አሁንም እንደማትገዛ በግልጽ ትናገራለች፤ ሦስቱን ውሎች ግን ታደንቃለች፣ በአየር ላይ መገልበጥ መከልከሉን አራተኛ እንዲያደርጉትም ትጠይቃለች፤ የአንገት ጉዳት የሚመጣው ከእሱ ነውና። አባት ወዲያው እሺ ብለዋል።

21ኛ መልስ። የስልቨር ስፕሪንጉ ሻጭ ዋጋ ቀንሶ ተመልሷል። መካኒኩ የአንዱን ሞላ ርዝመት ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ ለክቶ እንዲጽፍለትና የብየዳዎቹን ፎቶ እንዲያስገባ ጠይቆታል፤ ይህን እስከ ጻፍኩበት ሰዓት ድረስ መልስ አልሰጠም።